ነጥቤ ከፍ ያለ ዕለት

ለሞት አፋፍ ያደረሰኝ የላስቲክ ሰንደል ነው ብል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ሰንደሉን ያጠለቀው ሰውዬ ነው፤ እሱን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ምክር አይሰማም።

ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነበር። ድሮ ያስተማርኩት፣ ዛሬ ግን ከእኔ የበለጠ ሽበት ያወጣ የያዮ ሰው፣ «መምህር፣ ጡረታ ወጥተው ቤት ከሚውሉ አንድ ቀን መጥተው ጫካችንን ይዩልን እንጂ» ብሎ ጋበዘኝ። ልጄ ከአዲስ አበባ የላከችልኝ የቆዳ ቦቲ ነበረኝ። ባለቤቴ ቦቲውን ወልውላ በሩ ሥር አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። እኔ በሰንደሌ ወጣሁ።

«የምትሄደው ጫካ ነው፤ ጓሮ አይደለም» አለችኝ።

«የእኔ እግር ይህን አገር አስፋልት ሳይገባበት ጀምሮ ያውቀዋል። እሾሁም ያውቀኛል፤ ሰላም ብሎኝ ነው የሚያልፈው» አልኳት።

ይህን ብዬ ፊቷን አየሁ። እንዲህ ያለ የቆየ አመል አለብኝ። ቀልድ ከአፌ በወጣ ቁጥር፣ ቤት ሙሉ ሰው ቢስቅልኝ እንኳ፣ ዓይኔ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። ከሳቀች ቀልዱ አለፈ፤ ካልሳቀች ወደቀ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ደብተር ሳርም ኖሬ፣ ቤቴ ስገባ እኔን የምታርመኝ እሷ ነች። እርማቷ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ በዓመት የሚያልፍልኝ ቀልድ ጥቂት ነው። የዚያን ዕለት አልሳቀችም። ቦቲውን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች።

እሾሁ ሰላም አላለኝም። በትክክል እንናገር ከተባለ እሾህም አልነበረም፤ በቆንጨራ ሰያፍ የተቆረጠ የቡና ጉቶ ነው። አጠገቤ የሚሄዱት ለቃሚዎች አይተውት አለፉ። እኔ ስለ ድሮው የያዮ መንገድ ክፋት ንግግር እያደረግሁ ረገጥኩት። በሰንደሉ ጎን ገብቶ ከትንሿ ጣቴ ሥር ወጋኝ። ጋባዤ ደንግጦ ጤና ጣቢያ እንሂድ አለ። «ማር ባለበት አገር ምን ጤና ጣቢያ ያስኬዳል» ብዬ ከቀፎ የወረደ ማር ቀባሁበትና ጣቴ ላይ የቀረውን ላስኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ እዚያ ስላልነበረች የዚያ ቀልድ ውጤት እስከ ዛሬ አልታወቀም።

መቱ ከተመለስኩ በኋላ እግሬ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጣቴ፣ ከዚያ እግሬ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ የት እንደገባ ጠፋ። «የመንገድ ድካም ነው» አልኩ። አንድ ማለዳ ግን ብርድ ያዘኝ፤ የኢሉባቦርን ብርድ አውቀዋለሁ፤ ይሄኛው ሌላ ነው፤ ከውጭ ሳይሆን ከአጥንቴ ውስጥ የሚመጣ። ጋቢ ደረቡልኝ፤ ብርድ ልብስ ደረቡልኝ፤ አልጋው ራሱ አብሮኝ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሠራሽ ጥርሴ ብርጭቆ ውስጥ ባይሆን ኖሮ ይሰበር ነበር። እንዲያውም ብርጭቆው ውስጥ ሆኖም የተንቀጠቀጠ መስሎኝ ነበር፤ ይህንንም ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ባጃጅ ልትጠራ ወጣች።

ሆስፒታል እንደገባሁ ስላየችኝ ዶክተር ልናገር። ወጣት ናት፤ የቡሬ ገበሬ ልጅ፤ ንግግሯን በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች፤ ሲቸኩላት ደግሞ የተገላቢጦሽ። እግሬን አየች፤ ግፊቴን ለካች፤ የእጄን ጥፍር ተጭና ለቀቀችና ደሙ እስኪመለስ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። ከዚያ ወዲያው መድኃኒት በደም ሥሬ አስጀመረችና፣ በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«መምህር፣ ከቁስሉ የተነሣው ተህዋስ ደምዎ ውስጥ ገብቷል። ሕመሙ ሴፕሲስ ይባላል። ክፋቱ የተህዋሱ ብቻ አይደለም። ሰውነትዎ ራሱ ተህዋሱን እከላከላለሁ ብሎ ሲነሣ፣ ልብም፣ ሳንባም፣ ኩላሊትም ሳይለይ ይጎዳል።»

«ገባኝ» አልኩ። «ዘበኛችን ማለት ነው። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሌባ ገብቶ፣ ዘበኛው በዱላ ሲያባርር የስንቱን ክፍል መስኮት አረገፈው። ሌባው በአጥር ዘሎ ሄደ፤ እኛ ክረምቱን በካርቶን አሳለፍን።»

ሳቀች። «በቃ እንደዚያ ነው። አሁን መስኮቱ ሳይረግፍ ዘበኛውን ማረጋጋት አለብን።»

ቀጥላም ከዩኒቨርሲቲው ጋር ስለምትሠራው ጥናት ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ሕመም ይዟቸው የሚመጡ ሰዎችን በየቀኑ ይመዝናሉ፤ ለእያንዳንዱ አካል ነጥብ እየሰጡ፤ ሳንባ፣ ልብና ግፊት፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ደም፣ አእምሮ። «ሌላ አገር የተጻፈውን እናነባለን» አለች። «እዚህ ግን ሰው ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ መሣሪያውም ሁሉ የለንም። ባለን ነገር፣ በዓይናችንና በጣታችን፣ በትንሽ ላቦራቶሪ፣ የትኛው አካል እየደከመ እንደሆነ ሳይመሽብን ማወቅ እንችላለን ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው። ጥናቱ ውስጥ ባይገቡም ሕክምናው ያው ነው፤ አይጎድልብዎትም።»

«በጤናዬ ዘመን ሊያጠናኝ የፈለገ አልነበረም» አልኳት። «ውሸቴን ነው። ተማሪዎቼ ሒሳቡን ትተው የእኔን አካሄድ ያጠኑ ነበር።» ፈረምኩ። ባለቤቴን አየኋት። ከንፈሯን በትንሹ ፈታ አድርጋለች፤ ይህ በእሷ እርማት ለማለፊያ ይበቃል።

እስቲ አስቡት፤ ዕድሜውን በጠመኔ ብናኝ ሲያስነጥስ የኖረ የሒሳብ አስተማሪ አልጋ ላይ ተኝቶ ስድስት ትምህርት ይፈተናል። ሕመሜን ረስቼ ነጥቤ አሳሰበኝ።

ነጥቡን የሚሞላው ነርስ ደግሞ ተማሪዬ የነበረ ነው። የማስተማሪያ ቋንቋው ወደ ኦሮምኛ በተቀየረ ጊዜ፣ ኦሮምኛን በገበያ እንጂ በጥቁር ሰሌዳ አላውቀውም ነበር። ዶሮ መግዛት እችላለሁ፤ ክፍልፋይ ማስተማር አልችልም። መደመርን ኦሮምኛው ምን እንደሚለው ጠፍቶብኝ ጠመኔ ይዤ ስቆም፣ ከፊት ወንበር «ኢዳኡ» ብሎ ቀስ አድርጎ ያቀበለኝ እሱ ነው። ሌሎቹ ሲስቁብኝ እሱ አልሳቀም። እና አሁን ጎልምሶ፣ ነጭ ለብሶ፣ አልጋዬ አጠገብ ሲቆም ትከሻውን ሰበር ያደርጋል፤ ሙቀት መለኪያውን እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ነው ብብቴ ሥር የሚያስገባው።

«መምህር፣ የት ነው ያሉት?» ይለኛል፤ የአእምሮ ፈተናው መሆኑ ነው።

«አልጋ ላይ። አንተስ?»

ይስቅና ይሞላል። መምህሩን «አእምሮው ደክሟል» ብሎ መጻፍ ለእሱ ነውር ነበር። በእኛ አገር አስተማሪ የተማሪን ነጥብ ይቀንሳል እንጂ ተማሪ የአስተማሪን ጭንቅላት አያርምም።

በማግሥቱ ትኩሳቱ አልወረደም፤ መተንፈስ ራሱ ዳገት ሆነብኝ። ጠዋት ዶክተሯና ነርሱ ከራስጌዬ ቆመው ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ነጥቡስ?» አለች።

«ከትናንቱ ከፍ ብሏል» አላት።

ወዲያው በር ላይ «ዶክተር፣ ማዋለጃ በቶሎ» የሚል ጥሪ መጣና ሮጣ ወጣች። እኔ ግን የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ነጥቤ ከፍ ብሏል። ለአንድ አስተማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ይነገረዋል?

ጠያቂዎቼ ገቡ፤ የእድር ሰዎች ብርቱካንና የፕላስቲክ ጭማቂ ይዘው፣ ከፊታቸው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም። ይህ አማቼ ነጋዴ ነው፤ በቤተሰባችን ጉዳይ ሁሉ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር፣ ብዙ ጊዜም የመጀመሪያውን ጭምር።

«እንዴት አደርክ?»

«ውጤት መጥቷል» አልኩት በደከመ ድምፅ። «ነጥቤ ጨምሯል።»

«ተመስገን። አላልኳችሁም?» አለና ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ይሄ ሰውዬ ለሞትም አይመች።» ብርቱካን መላጥ ተጀመረ። ልጄ አዲስ አበባ ሆና የአውቶቡስ ትኬት ልትቆርጥ ስትል ደወለች፤ ስልኩን አፌ ላይ ያዙልኝ። «ሥራሽን ሥሪ፤ አባትሽ አልፏል» አልኳት። ሻንጣዋን መልሳ ፈታች።

ባለቤቴ ብቻ አልተደሰተችም። እጄን ይዛ «በረዶ ነው» ትላለች። «ነጥቡ ከጨመረ ለምንድን ነው እጁ የሚቀዘቅዘው?» ብርቱካን ሰጧት።

ዶክተሯ ከማዋለጃ ስትመለስ ክፍሉ ሰርግ ቤት መስሎ ቆያት። ከአልጋዬ ጎን በተንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ ያለውን ሽንት ጎንበስ ብላ አየች፤ ጥቂት ነው፤ መልኩም እንደ ቡና አተላ። ቀና ብላ፣ «መምህርን አሁኑኑ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ማዛወር አለብን» አለች።

ብርቱካን የሚልጠው እጅ ሁሉ ቆመ።

«ለምን?» አለ አማቼ። «ተሻለው እኮ። ነጥቡ ጨምሯል።»

«አባባ፣ በዚህ ምዘና ዜሮ ነው ጥሩው። ነጥብ ሲጨምር የደከመው አካል በዛ ማለት ነው። ግፊታቸው እየወረደ ነው፤ ኩላሊታቸውም እየደከመ።»

አማቼ ዙሪያውን ተመለከተ። «በየትኛው ትምህርት ቤት ነው ነጥብ ሲጨምር ተማሪ የሚወድቀው?»

እውነቱን ልናገር፤ እኔም የማስበው ይህንኑ ነበር። ከዚያ በላይ ግን ያሳሰበኝ የዚያ ክፍል ስም ነው። አብሮኝ ያስተምር የነበረ የሳይንስ መምህር፣ የቢራ ጓደኛዬ፣ በሁለት እግሩ ሄዶ እዚያ በር ገብቶ በአንሶላ ተሸፍኖ ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ሳልፍ እንኳ ማዶ ማዶውን ነው የምሄደው። በከተማውም ወሬው ይኸው ነው፤ «እዚያማ ከገባ» ይባልና ንግግሩ ሳይጨረስ ይተዋል። ሰው የሚሞተው ዘግይቶ ስለሚገባ እንጂ ክፍሉ ስለሚገድል እንዳልሆነ የሒሳብ አስተማሪ ሊያሰላው ይገባ ነበር። አላሰላሁም። ፈርቼ ነበር፤ ስፈራ ደግሞ እቀልዳለሁ።

«አልሄድም» አልኩ። «እዚህ መስኮት አለኝ። እዚያ ሄጄ የሳይንስ መምህሩን ወንበር አልቀማም።»

«መምህር፣ አሁን ካልሄዱ ነገ ላንደርስ እንችላለን» አለችኝ፤ ድምፅዋ አልተነሣም፤ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

«የት ነው ያሉት ብለሽ ጠይቂኝ።»

«የት ነው ያሉት?»

«ምድር ላይ። ለጊዜው።»

የእድሩ ሰዎች ሳቁ። ነርሱም ሳቀ። ባለቤቴን አየኋት፤ አልሳቀችም፤ ግን ማየቴን አየች። ይህ ማየት ኋላ ላይ ነፍሴን እንደሚያተርፍ ማን ያውቅ ነበር?

ዶክተሯ ወደ ባለቤቴ ዞረች። «እትዬ፣ ራሳቸው እያወቁ እምቢ ካሉ ልገፋቸው አልችልም። አእምሯቸው ከሳተ ግን የምጠይቀው እርስዎን ነው። ቶሎ ቶሎ እየመጣሁ አያቸዋለሁ። እርስዎም ይለምኗቸው።» ባለቤቴ ለመነችኝ። እኔ ቀለድኩባት። አማቼ «ቃሉን ሰጥቷል፤ አትጨቅጭቂው» አላት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከውስጥ የማውቀው ጥቂቱን ነው። ዝናብ መጣ፤ የመቱ ዝናብ ወቅት አይጠይቅም፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው አያነጋግርም። ጣሪያው ላይ ቡናማ የዝናብ እድፍ ነበረ። ያ እድፍ ቀስ በቀስ ራስ ሆነ፤ ብዙ ራስ፤ የልጆች ራስ፤ በረድፍ በረድፍ የተቀመጡ። ወረቀት መታደል አለበት። ልጆቹ ዝም ብለው ይጠብቁኛል። እኔ ግን እጄ አይነሣልኝም፤ በዚያ ላይ ክፍሉ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ቆመው ያወራሉ። አፍሬ ነበር። ፈተና ላይ እንዲህ ያለ ሥርዓት አልበኝነት በእኔ ክፍል ታይቶ አይታወቅም።

ከውጭ የሆነውን ደግሞ ባለቤቴና ነርሱ በየፊናቸው የነገሩኝን አገናኝቼ ልጻፍ። ዶክተሯ ዝናቡ ሳያባራ ተመልሳ መጣች። ትንፋሼ ፈጥኗል።

«መምህር፣ የት ነው ያሉት?»

«ሰባተኛ ክፍል ነን» አልኩ አሉ፤ ረጋ ብዬ፣ በጨዋ ደንብ። «ፈተናው ሊጀመር ነው። እባክዎን እመቤቴ፣ ይቀመጡ፤ ልጆቹ ይረበሹብኛል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አማቼ ጭኑን መታ። «ሰማሽ ዶክተር? ይሄ ሰውዬ አልጋ ላይም ሆኖ አይተውም።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው መምህር?» አለ ነርሱ እየሳቀ።

«የፈተና ቀን ነው ልጄ። እባክህ ተቀመጥ።»

እንደገና ሳቁ። ነርሱ እስክሪብቶውን አነሣ፤ ለአእምሮዬ የተለመደውን ዜሮ ሊሰጠኝ።

«ዝም በሉ» አለች ባለቤቴ።

በእኛ ቤት ድምፅ የሚያሰማው እኔ ነኝ፤ እሷ ይህን ስትል ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ዝናቡ ብቻ ቀረ።

«አይቀልድም» አለች።

«አንቺ ደግሞ» አለ ወንድሟ። «ዕድሜውን ሙሉ ሲቀልድ የኖረ ሰው ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኘ?»

«ዕድሜውን ሙሉ ሲቀልድ እኔን ያየኛል። ሳቀች አልሳቀችም ብሎ ያየኛል። ጠዋት እንኳ አይቶኛል። አሁን አላየኝም።»

ዶክተሯ ወደ አልጋው ጠጋ አለች። ባለቤቴ ዞራ መጥታ ፊቴ ላይ ቆመች፤ በጣም ቀርባ፤ ነጠላዋ ደረቴን እስኪነካ። «እኔ ማን ነኝ?» አለችኝ።

ትኩር ብዬ አየኋት አሉ። ከዚያ፣ ትምህርት ቤት ለሚመጣ የተማሪ ወላጅ ሁልጊዜ በምናገርበት ድምፅ፣ «ይቅርታ፣ እርስዎ የማን ወላጅ ነዎት?» አልኳት።

የሳቀ የለም።

ነርሱ እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። ዶክተሯ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ «እትዬ፣ አሁን የምጠይቀው እርስዎን ነው» አለች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አማቼ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል፤ እሱም ፈርቷል። «እኅቴ፣ ስሚኝ። ራሱ አፉን ሞልቶ እምቢ ብሏል፤ ይህ ሁሉ ሰው ሰምቷል። እዚያ ገብቶ አንድ ነገር ቢሆን፣ ልጁም፣ ዘመዱም፣ ከተማውም በአንቺ ነው የሚሉት። ይህን ሸክም ትችይዋለሽ?»

ባለቤቴ አልጋውን ጨብጣ ቆመች። ነርሱ ሲነግረኝ፣ ረጅም ጊዜ ቆማለች ይላል፤ እሷ ስትነግረኝ፣ ወዲያው ነው የመለስኩት ትላለች። የማንን ልመን?

«እምቢ ያለው ሰውዬ አሁን እዚህ የለም» አለች። «ሲመለስ ይቆጣኛል። ውሰዱት።»

ያ ክፍል ያለው በሌላ ሕንፃ ነው፤ በመካከሉ ጣራ የሌለው መንገድ አለ፤ ዝናቡ ደግሞ አላባራም። አልጋዬን የገፉት እነዚያው የእድር ሰዎች ናቸው፤ ጋቢያቸውን ከላዬ እንደ ድንኳን ዘርግተው፣ ራሳቸው እየበሰበሱ፣ ጭቃ ሲያጋጥም አልጋውን ከነእኔ እያነሡ። እድር ሰውን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሸከም ይመስለኝ ነበር፤ እኔን ልምምድ አድርገውብኛል። አማቼም የአልጋውን አንድ እግር ይዞ ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ እኔ እስክነቃ ድረስም እኅቱን አላናገራትም። እሷ በዚያ ሁሉ ጊዜ የዚያን አግዳሚ ሌላ ጫፍ ይዛ ተቀምጣለች። በየደቂቃው በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም እኩል ይነሣሉ፤ እኩል ይቀመጣሉ። ልጄም ሻንጣ ሳትይዝ መጥታ በመካከላቸው ተቀመጠች። ነጥብ ጨመረ ብዬ ካስቀረኋት ልጅ ጋር ስለዚህ ጉዳይ እስካሁን አልታረቅንም።

ውስጥ ኦክስጅን ሰጡኝ፤ ግፊት የሚያነሣ መድኃኒት ጠብ ጠብ እያለ ገባልኝ፤ ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ የእግሬን መግል ከፍቶ አጽድቶ ትንሿን ጣቴን ቆርጦ አስቀራት። ጣቲቱን አልወቅሳትም፤ ሰንደሉን ያጠለቀችው እሷ አይደለችም። በአጠገቤ ተኝቶ የነበረ አንድ ወጣት ገበሬ አልወጣም። ስለ እሱ ልቀልድ ሞክሬ አላውቅም።

ነርሱ ኋላ ላይ፣ በእግሬ መራመድ ስጀምር፣ ክንዴን ደግፎ እያራመደኝ ሳለ ነው የነገረኝ። «መምህር፣ በእርስዎ ላይ ነጥብ መደመር እጄ እምቢ አለኝ።»

«ኢዳኡን አንተ ነህ ያስተማርከኝ፤ አንተው ረሳኸው» አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ትቶ መሬት መሬት አየ። ዶክተሯም ከዚያ ወዲህ በምዘናው ላይ አንድ ጥያቄ እንደጨመረች ነገረችኝ፤ የት ነዎት፣ ምን ቀን ነው ከሚለው ሌላ፣ አስታማሚውን ለብቻው ጠርቶ፣ «እሱ ራሱ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሳይንስ ያበረከትኩት ይኼው ነው፤ ቀልዱ የማይታመን አንድ ሽማግሌ።

የነቃሁበትን ግን አስታውሰዋለሁ። ቀን ነበር፤ ፀሐይ ወጥታ ከውጭ ያለው የባሕር ዛፍ ጥላ አንሶላዬ ላይ ይወዛወዛል። አፌ ደርቋል። መጀመሪያ ያየሁት ጣሪያውን ነው፤ እድፍ የለበትም፤ ልጆች የሉበትም። ዶክተሯ መጥታ ጎንበስ አለች፤ ፊቷ የከሳ መሰለኝ።

«ኤሳ ጂርቱ፣ መምህር?» አለችኝ በኦሮምኛ፤ የት ነው ያሉት ማለቷ ነው።

የት እንዳለሁ ዙሪያውን አይቼ አወቅሁት። ማሽኑ፣ ቱቦው፣ ማዶ ማዶውን ስሸሸው የኖርኩት በር፤ ከውስጥ በኩል ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ፈራሁ። በሩ አጠገብ አማቼ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል፤ ከእሱ አለፍ ብላ ባለቤቴ።

«ነጥብ ሲጨምር በሚወድቁበት ትምህርት ቤት» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም፤ እንደ ደረቅ ሣር ይንኮሻኮሻል። ቃሉ ግን ወጣ።

አማቼ አፉን በኮፍያው ሸፈነ። ዶክተሯ መልሴን አልጻፈችም፤ ዞራ ባለቤቴን አየቻት። እኔም አየኋት። እሷ ግን ቀድማን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳብ አድርጋ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«እትዬ?» አለቻት ዶክተሯ።

ሳትዞር ራሷን ነቀነቀች። «እሱ ነው» አለች። «አየኝ።»

ትከሻዋን ያንቀጠቀጠው ሳቅ ይሁን ልቅሶ ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። አትነግረኝም። ቦቲውን ግን በር ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ ማሰሪያውን ፈትታ፣ አንዱን ጫማ ጣት ለጎደለው እግር ጨርቅ ጠቅጥቃበት። አጠልቀዋለሁ፤ ከዚያም ቀና ብዬ አያታለሁ።